ሎርድ ሬይሊ እና በጠጣር አካል ገጽ ላይ የሚጓዘው ሞገድ

በዛሬው ዘመን አንድ የብረት አካል ሳይቆረጥና ሳይሰበር ስንጥቅ ያለበት መሆኑ በአልትራሳውንድ ሞገድ ይመረመራል፤ የመለጠጥ ባሕርዩም በዚሁ ሞገድ ይለካል። ለሁለቱም ተግባራት መሠረት ከሆኑት ስሌቶች መካከል አንዳንዶቹ የተገኙት ግን መሣሪያው ከመፈጠሩ አስቀድሞ ነው። ባለቤታቸውም እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆን ዊሊያም ስትረት፣ በማዕረግ ስማቸው ሎርድ ሬይሊ፣ ናቸው።

ሬይሊ በ1842 እ.ኤ.አ. በኤሴክስ ከባላባት ቤተሰብ ተወለዱ። በልጅነታቸው ጤናቸው ደካማ ስለነበር ትምህርታቸው በተደጋጋሚ ተቋርጧል። ሆኖም በ1865 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፈተና አንደኛ ወጡ። የርስት ወራሽ ሳይንስን ዋና ሥራው ማድረጉ በጊዜው ያልተለመደ ቢሆንም እርሳቸው ይህንኑ መንገድ መረጡ።

በ1872 በጽኑ የሩማቲክ ትኩሳት ታመሙ። ለማገገም ከባለቤታቸው ጋር ወደ ግብፅ ሄደው ክረምቱን በናይል ወንዝ ላይ በጀልባ አሳለፉ። ስለ ድምፅ ጽንሰ ሐሳብ የሚያትተውን ታላቅ መጽሐፋቸውን መጻፍ የጀመሩት በዚህ ጉዞ ላይ ነበር። መጽሐፉ በ1877 እና በ1878 በሁለት ቅጽ ታተመ። በውስጡም የአንድን ተንቀጥቃጭ አካል ዝቅተኛ የተፈጥሮ ድግግሞሽ፣ የእንቅስቃሴ ጉልበቱንና እምቅ ጉልበቱን በማነጻጸር መገመት እንደሚቻል አሳዩ። ይህን ዘዴ በኋላ ስዊዘርላንዳዊው ዋልተር ሪትዝ አስፋፋው። ዛሬ ተመራማሪዎች አንድን ናሙና በአልትራሳውንድ አንቀጥቅጠው የሬዞናንስ ድግግሞሾቹን ከለኩ በኋላ የመለጠጥ መጠኖቹን የሚያሰሉት በዚሁ ዘዴ ነው።

ሬይሊ ከ1879 እስከ 1884 በካምብሪጅ የካቬንዲሽ ፕሮፌሰር ሆነው ካገለገሉ በኋላ ቴርሊንግ በሚገኘው መኖሪያቸው ወዳቋቋሙት ቤተ ሙከራ ተመለሱ። በ1885 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ በጠጣር አካል ውስጥ ዘልቀው ከሚያልፉት ሁለት ዓይነት ሞገዶች ሌላ፣ ገጹን ብቻ ተከትሎ የሚጓዝ ሦስተኛ ሞገድ መኖሩን በስሌት አረጋገጡ። ይህ ሞገድ ከሸርተቴ ሞገድ በጥቂቱ ይዘገያል፤ ወደ ውስጥ በገባ መጠንም ፈጥኖ ይከስማል። ጉልበቱ በገጽ ላይ ብቻ ስለሚሰራጭ በርዕደ መሬት ጊዜ ጉልህ ሚና ሊኖረው እንደሚችልም ጠቆሙ፤ ግምታቸው በኋላ በመሣሪያ ተረጋገጠ።

ሬይሊ ያሰቡት ስለ ርዕደ መሬት እንጂ ስለ ፋብሪካ ምርመራ አልነበረም። በ1919 ሲያርፉ ፈረንሳዊው ፖል ላንዥቨን በኳርትዝ አማካይነት አልትራሳውንድን በውኃ ውስጥ ማመንጨት የጀመሩት ገና በቅርቡ ነበር። ሶቪየታዊው ሰርጌይ ሶኮሎቭ በብረት ውስጥ ያለን ጉድለት በአልትራሳውንድ መለየት እንደሚቻል ሐሳብ ያቀረቡት ደግሞ በ1928 ነው።

የገጽ ሞገድ በአረብ ብረት ላይ በሰከንድ ወደ 3000 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በ2 ሜጋኸርትዝ ድግግሞሽ የሞገዱ ርዝመት 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የሚንቀጠቀጠውም በግምት እስከዚሁ ጥልቀት ያለው ክፍል ነው። በተደጋጋሚ ጫና የሚፈጠር ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከገጽ በመሆኑ ሞገዱ ለዚህ ምርመራ እጅግ ተስማሚ ነው። ከስንጥቁ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ስንጥቁ ያለበትን ርቀት ያሳውቃል።

ሬይሊ በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኙት የጋዞችን እፍጋት በማጥናታቸውና አርጎንን በማግኘታቸው እንጂ በሞገድ ሥራቸው አልነበረም። ያም ሆኖ የሐዲድ ወይም የተርባይን ስንጥቅ አደጋ ሳያደርስ እንዲታወቅ ከሚረዱት ሞገዶች አንዱ ዛሬም በስማቸው ይጠራል።