የወሊሶው መምህር ፖል ሶንጋስ

ፖል ሶንጋስ እ.ኤ.አ. በ1941 ማሳቹሴትስ ውስጥ በሎዌል ከተማ ከግሪክ ዘር ተወለዱ፤ አባታቸው ላውንደሪ ቤት ነበራቸው። በ1962 ከዳርትማውዝ ኮሌጅ እንደ ተመረቁ፣ 300 ከሚጠጉት የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በጅማ መንገድ ላይ በምትገኘው በወሊሶ (ያን ጊዜ ጊዮን ትባል ነበር) ለሁለት ዓመት አስተማሩ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጥ ስለ ነበር፣ የውጭ አገር መምህር የያዘው ትምህርት ምንም ይሁን ምን ቋንቋውን ከማስተማር አያመልጥም ነበር። ሶንጋስ ግን ሥራቸውን በጥቁር ሰሌዳው ፊት ብቻ አልወሰኑትም፤ ከተማሪዎቻቸው ጋር በአንድ ቤት ኖሩ። ከሰጡት ይልቅ የተቀበሉት ሳይበልጥ አይቀርም፤ ሕይወታቸውን የቀረጸው ያ ዘመን መሆኑን ኋላ ራሳቸው መስክረዋል።

ሕግ አጥንተው በ1975 የተወካዮች ምክር ቤት፣ በ1979 የሴኔት አባል ሆኑ። የሰላም ጓድ ከኢትዮጵያ በወጣበት በ1977 መጨረሻ፣ የኦጋዴን ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት፣ ከባልደረባቸው ከዶን ቦንከር ጋር ወደ አፍሪካ ቀንድ ተጉዘው ያዩትን በጽሑፍ ለምክር ቤቱ አቀረቡ። ሁለቱ መንግሥታት በተራራቁበት ሰዓት፣ አገሪቱን በካርታ ሳይሆን በተማሪዎቿ የሚያውቅ እንደራሴ መገኘቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1983 የሊምፍ ካንሰር ስለ ተገኘባቸው ለዳግም ምርጫ ሳይቀርቡ ሴኔቱን ተሰናበቱ። በ1992 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው በኒው ሃምፕሻየር ቢቀድሙም ፓርቲያቸው ቢል ክሊንተንን መረጠ። በ1997 በ55 ዓመታቸው ዐረፉ፤ የተቀበሩትም በሎዌል ነው።