የዘጌው ነጋድራስ አፈወርቅ

የዘጌ ሰው ከሞፈርና ከቀንበር ይልቅ ቡናና ጌሾን ያውቃል። በዑራ ኪዳነ ምሕረትና በአዝዋ ማርያም አጠገብ የሚያድግ ሕፃንም ገና በልጅነቱ ዐይኑ ከቅዱሳን ሥዕል ጋር ይለማመዳል። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1868 የተወለዱት በዚህች ምድር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።)

የሥዕል ተሰጥኦ ስለ ነበራቸው ወደ ጣሊያን ተልከው በቶሪኖ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማሩ። የዓድዋ ጦርነት በመጣ ጊዜ ግን የላካቸውን ንጉሥ ትተው ከጣሊያን ወገን ቆሙ። ከዚያም በናፖሊ አማርኛ እያስተማሩ መጻሕፍት ጻፉ። በ1908 በሮም የታተመው ልብ ወለድ ታሪካቸው በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ያንኑ ትተውት የነበረውን ንጉሥ የሚያወድስ መጽሐፍ አሳተሙ።

በልብ ወለዱ ላይ ጥቂት እንቈይ። በጦርነት የተማረከን አባት አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘቡን ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል። ልጁ ዋህድ ይህን ውለታ ለመመለስ ከቤት ቢወጣ ራሱ ተይዞ ለባርነት ይሸጣል፤ እኅቱ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። ለወጣቶቻችን ውለታን መክፈል ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ታሪክ ማግኘት ይቸግረናል። ታዲያ ይህን የጻፈ ሰው ውለታ ምን እንደ ሆነ አያውቅም ነበርን?

ያውቁ ነበር። ነገር ግን በትምህርተ ክርስቶስ ክፍሎቻችን ግብረ ገብ ስንል ብዙ ጊዜ የአንዱን ሰው ጠባይ ብቻ እናስባለን፤ አለመስረቅን፥ አለመስከርን፥ ወላጅን ማክበርን። (ሽማግሌ ሲያይ ብድግ የሚለውን ልጅ እናመሰግናለን፤ አድጎ ሚዛን ሲይዝ እንዴት እንደሚመዝን ግን አንጠይቅም።) ሥነ ምግባር ከዚህ ይሰፋል፤ ሰው በያዘው ሹመት፥ በሙያውና በብዕሩ ለሌላው ያለበትን ግዴታም ይመረምራል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም ጥበበ እድ ሥራውን እንጂ ሠሪውን መልካም እንደማያደርግ አስተምሯል።

ነጋድራስ አፈወርቅ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም ሆኑ፤ ከ1931 ጀምሮም በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ነበሩ። ፋሺስት ጣሊያን አገሪቱን በወረረ ጊዜ ግን ለወራሪው አደሩ፤ እርሱም አፈ ቄሣር የሚል ማዕረግ ሰጣቸው። በየካቲት 1937 የአዲስ አበባን ሕዝብ የጨፈጨፈው፥ በግንቦት ወርም የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ያስረሸነው ይኸው መንግሥት ነው።

እኛ ካቶሊካውያን ግን ይህን ስንናገር ዳር ቆመን እንደሚመለከቱ ሰዎች ልንሆን አንችልም። የሚላኖው ካርዲናል ኢልደፎንሶ ሹስተር በጸሎት የተጉ፥ ለራሳቸው እጅግ ቁጥብ የሆኑ መነኩሴ ነበሩ፤ በ1996ም ብፁዕ ተብለዋል። በጥቅምት 1935 ግን በካቴድራላቸው ባሰሙት ስብከት ያን ወረራ ደግፈዋል። በ1938 የዘር መድልዎን ትምህርት በግልጽ ተቃወሙ፤ በኢትዮጵያ ላይ የተባለው ግን ተብሏል። አንዱ ጸሐፊ፥ ሌላው ጳጳስ፤ ሁለቱም በግል ኑሮ የሚመሰገነውን ምግባር ያውቁ ነበር። ባሕር ማዶ ያለውን ባልንጀራ ግን በዚያው ሚዛን አልመዘኑትም። የነፍሳቸውን ነገር ለእግዚአብሔር እንተዋለን፤ ሥራቸውን መመርመር ግን የእኛ ነው፤ በተለይም የካርዲናሉን፥ የቤታችን ሰው ናቸውና።

አገሪቱ በ1941 ነጻ ስትወጣ ነጋድራስ አፈወርቅ ለፍርድ ቀረቡ። ሞት ተፈርዶባቸው በምሕረት ቀለለላቸው፤ ከጣና ዳር ርቀው ወደ ጅማ ተጋዙ፤ በ1947ም በዚያው ዐረፉ። ልብ ወለዳቸው ከዚያ በኋላ በአገር ውስጥ እንደ ገና ታትሞ፥ ጦቢያ በሚለው ስም እስከ ዛሬ ይነበባል።