እቴጌ ምንትዋብ

ተማሪዎች ሆይ፣ ከአዲስ አበባው አብነት ተነሥታችሁ ጎንደር የደረሳችሁ እንደ ሆነ፣ የፋሲል ግቢን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ ወደ ቍስቋምም ውጡ። ያን ግቢ በድንጋይና በኖራ ያሠሩት የቋራዋ ተወላጅ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው።

ባለቤታቸው ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበሩ፣ እቴጌይቱ ራሳቸው ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር መንግሥቱን ያዙ። በቍስቋም ቤተ ክርስቲያን፣ መኖሪያና የግብር አዳራሽ አሠሩ። አዳራሹ ዛሬ ፍርስራሽ ቢሆንም፣ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት የግድግዳው መስቀሎች ግን ከሩቅ ዓይን ይስባሉ።

ዐፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሞቱ። የልጅ ልጃቸውን ዐፄ ኢዮአስን ደግሞ ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. አስገደሏቸው። እቴጌይቱ ሁለቱንም አልቅሰው በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ፤ አፅማቸውም ባሠሩት ቍስቋም ይገኛል።