የኢብኑ ነፊስ ሕይወትና የልብ ደም መንገድ

ከብት በምናርድበት ጊዜ የአየሩን ቧንቧ፣ የምግቡን መውረጃና በአንገት ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት የደም ሥሮች እንቈርጣለን። ደሙ በኃይል የሚፈስሰው ልብ ገና እየመታ ስለሚገፋው ነው። ይሁን እንጂ ያ ደም በሰውነት ውስጥ ሳለ በየት በኩል ይመላለስ እንደ ነበር የጠየቀ ጥቂት ነው። ከጠየቁት አንዱ የሻፊዒይ መዝሀብ ፈቂህና ሐኪም የነበሩት ዐላኡዲን ዐሊ፣ በታወቁበት ስማቸው ኢብኑ ነፊስ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው።

የተወለዱት በሂጅራ 607 ገደማ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1210 ገደማ) በደማስቆ አካባቢ ነው። ኑረዲን ዘንጊ ባሠሩት ሆስፒታል ሕክምናን ተማሩ፤ በኋላም ወደ ካይሮ ሄደው በሽተኛ እያከሙ በመስሩሪያ መድረሳ ፊቅህ ያስተምሩ ነበር።

በዚያ ዘመን ሐኪሞች ሁሉ የሚከተሉት የግሪኩን ጃሊኖስን ነበር። እርሱ እንዳለው ደም በጕበት ተሠርቶ ወደ ልብ ቀኝ ክፍል ይመጣል፤ ከዚያም በመካከለኛው ግድግዳ ላይ ባሉ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ወደ ግራው ክፍል ያልፋል። ይህ ቃል ከሺህ ዓመት በላይ ሳይነካ ኖረ። ታላቁ ኢብኑ ሲና እንኳ በዋናው ነገር አልተለየም።

ኢብኑ ነፊስ ግን በ1242 ገደማ የኢብኑ ሲናን የአካል ትምህርት ሲያብራሩ፣ ዕድሜያቸው ከሠላሳ እምብዛም ሳያልፍ፣ ግድግዳው ወፍራምና ድፍን ነው፤ የሚታይም ሆነ የማይታይ ቀዳዳ የለውም ብለው ጻፉ። ደሙ ከቀኙ ክፍል በትልቅ ሥር ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ በዚያ ተበትኖ ከአየር ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም በሌላ ሥር ወደ ግራው ክፍል ተመልሶ ለመላው አካል ይሠራጫል። ልብ ራሱም የሚመገበው በገላው ውስጥ ከተዘረጉ ሥሮች መሆኑን አስረዱ።

ተርጓሚው እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። በአልዱባ ገበያ ፍየል ገዝቶ የሚያርድ አባወራ ልቡን ሰንጥቆ ቢመለከት ያንን ድፍን ግድግዳ በገዛ ዓይኑ ያየዋል። ኢብኑ ነፊስ ግን ሸሪዓና ርኅራኄ ስለ ከለከሏቸው አካል ከመቅደድ እንደ ራቁ በመጽሐፋቸው መግቢያ ገልጸዋል፤ ስለዚህ እንዴት እንደ ደረሱበት ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ሙሉውን የደም ዝውውር ያገኙት እርሳቸው ናቸው የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን ሚዛን ላይ እጅ መጫን ነው። ደም በመላው አካል ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ ያስረዳው እንግሊዛዊው ሐርቪ በ1628 ነው። ደም ወሳጅና ደም መላሽ ሥሮችን የሚያገናኙትን እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሥሮች በማይክሮስኮፕ በእንቍራሪት ሳንባ ላይ ያየው ጣሊያናዊው ማልፒጊ በ1661 ነው። የኢብኑ ነፊስ ድርሻ የሳንባው መንገድ ነው፤ እርሱም ትንሽ አይደለም።

ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ሲጽፉ ብዕሮች አስቀድመው ይቀረጹላቸው ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መጽሐፍ ሳይገልጡ ከአእምሯቸው ይጽፉ ነበር። አንድ ቀንም ገላቸውን ሳይጨርሱ ከመታጠቢያው ወጥተው ስለ ደም ሥር ትርታ ጻፉና ተመልሰው ታጠቡ ይባላል።

በ687 (በ1288) ሰማንያ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ታመሙ። ሐኪሞች ለመድኃኒት ጥቂት ወይን እንዲጠጡ ቢመክሯቸው፣ ወይን በሆዳቸው ይዘው ከጌታቸው ጋር መገናኘትን ጠልተው እምቢ አሉ። ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውን ሱልጣን ቀላውን በካይሮ ላሠሩት ሆስፒታል ወቅፍ አድርገው አረፉ።

የሳንባው ነገር ግን ለብዙ ዘመን ተረሳ። በ1924 በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ይማር የነበረ ሙሕይዲን አጥ-ጠጣዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም በበርሊን ቤተ መጻሕፍት የነበረውን የእጅ ጽሑፍ አንብቦ የመመረቂያ ድርሰቱን በዚሁ ላይ ጻፈ። መምህራኑ ዐረብኛ ስለማያውቁ ነገሩን ማመን ቸገራቸው፤ ድርሰቱንም በካይሮ ለሚኖረው ለጀርመናዊው ሐኪም ለማየርሆፍ ላኩት። እርሱም መርምሮ እውነት መሆኑን መሰከረ።