የእጅ ሙያና የወንጌል አደራ፦ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ከጋፋት እስከ ሊባኖስ

መግቢያ

በመቅደላ አምባ ላይ ዛሬም የሚታየው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከአፄ ቴዎድሮስ ራእይ ጋር ተያይዞ ነው። መድፉን ከሠሩት አውሮፓውያን መካከል ግን ወደ ኢትዮጵያ የመጡበት ዓላማ ወንጌልን ማስተማር የነበረ ሰዎች ይገኙበታል። ይህ ጽሑፍ ከእነርሱ የአንዱን፣ የስዊዘርላንዳዊውን የቴዎፍሎስ ዋልድማየርን ሕይወት በመከተል የክርስትና ትምህርትና የጦር መሣሪያ ሥራ በአንድ ሰው እጅ እንዴት እንደተገናኙ ይመረምራል። የዘመን ቁጥሮቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ዕቅዱና ጋፋት

ዋልድማየር በ1832 ተወለደ። የተማረው በባዝል ከተማ አጠገብ ክርስቲያን ፍሬድሪክ ስፒትለር ባቋቋመው የቅድስት ክሪሾና ሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ስፒትለርና ቀደም ሲል በኢትዮጵያ የሠራው የኢየሩሳሌም ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ያወጡት ዕቅድ፣ ግብረ እድ የሚያውቁ ወጣቶች በላባቸው እየኖሩ በሥራቸውና በአኗኗራቸው ወንጌልን እንዲመሰክሩ የሚያደርግ ነበር። ዕቅዱ የውጭ ሰባኪን በጥርጣሬ ለሚያይ አገር የታሰበ ቢሆንም አንድ ጥያቄ ሳይመልስ አልፏል፤ ሙያተኛው እጁን በምን ላይ እንደሚያውል የሚወስነው ማን እንደሆነ አልተናገረም።

በ1855 የነገሡት አፄ ቴዎድሮስ ሙያተኞቹን በደስታ ተቀበሏቸው፤ በኦርቶዶክሳውያን መካከል ሌላ እምነት እንዲሰብኩ ግን አልፈቀዱም። ዋልድማየርና ባልደረቦቹ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት ሰፈሩ። እርሱም የንጉሡ ባለሟል የነበረውን የእንግሊዛዊውን የሊቀ መኳስ ጆን ቤልን ልጅ፣ በእናቷ ኢትዮጵያዊት የሆነችውን ሱዛንን አገባ። ቤል በ1860 ንጉሡን ሲከላከል ወደቀ። ዋልድማየር በዚህ ጋብቻ ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ሆነ፤ የንጉሡን ትእዛዝ አልቀበልም ማለቱም የዚያኑ ያህል ከበደው።

የመድፉ ትእዛዝ

ንጉሡ ከመንገድና ከጋሪ ሥራ አልፈው መድፍ እንዲሠራላቸው በጠየቁ ጊዜ ሚስዮናውያኑ ሙያው እንደሌላቸው አስታወቁ። ንጉሡም ሥራውን እስኪሞክሩ ድረስ አገልጋዮቻቸውን አሰሩባቸው። ሙከራው ተጀመረ፤ ፈረንሳዊው የጠመንጃ ሠራተኛ ቡርጎና ፖላንዳዊው ሞሪትስ ሆልም ነበሩበት። ከብዙ ድካምና ክሽፈት በኋላ ሥራው ሲሳካ እስራቱ በሽልማትና በክብር ተተካ።

እዚህ ላይ የመልሳቸው ዓይነት ልብ ሊባል ይገባል። ያቀረቡት ምክንያት የችሎታ ማነስ ነበር፤ ችሎታው በተገኘ ዕለትም ምክንያቱ አበቃ። ሃይማኖታችን አይፈቅድም እንዳይሉ፣ ያሳደጓቸው የአውሮፓ ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ሕጋዊ መንግሥት ሰይፍ እንዲይዝ የሚፈቅዱና ለሹም መታዘዝን የሚያስተምሩ ነበሩ። ንጉሡም ቢሆኑ አገር አንድ የማድረግና ኢየሩሳሌምን የማስመለስ ምኞታቸውን ከክርስቲያናዊ ጥሪያቸው አልለዩትም። ስለዚህ በጋፋት የተጋጩት እምነትና ክህደት ሳይሆኑ፣ ሁለቱም ክርስቲያን የሆኑ፣ የሥልጣን ሚዛናቸው ግን የማይመጣጠን ወገኖች ነበሩ።

ንጉሡ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ ቆንስል ካሜሮን በ1864 ታሰረ፤ ከዚያ በኋላ እንቢታ ሕይወትን የሚያስከፍል ሆነ። በ1867 በደብረ ታቦር አካባቢ የተሠራው ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። ሠራዊቱ ገደልና ሸለቆ እየደለደለ ወደ መቅደላ ሲጎትተው ዋልድማየርና ባልደረቦቹም አብረው ተጓዙ።

በሚያዝያ 10 ቀን 1868፣ በስቅለት ዓርብ፣ በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ ከእንግሊዝ ወገን በቁስል የሞቱት 2 ብቻ ነበሩ። ንጉሡ በፋሲካ ማግስት ሰኞ ራሳቸውን ሠዉ። የኢትዮጵያ ወታደሮች፣ የእንግሊዝ መኮንኖችና ከጋፋት የመጡት ሙያተኞች በዚያ ሳምንት ያሰቡት የአንዱን ጌታ ሕማምና ትንሣኤ ነበር።

ከመቅደላ በኋላ

ዋልድማየር ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቅቆ ወጣ፤ ቀጣዩን ሕይወቱንም በሊባኖስ አሳለፈ። በ1873 በብሩማና መንደር ትምህርት ቤት ከፈተ። በዚያው ዘመን ኩዌከር ከሚባለው የወዳጆች ማኅበር ጋር ተቀላቀለ። ይህ ማኅበር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጦርነትን በሁሉም መልኩ የሚቃወም ነው። በኋላም በሰንሰለት ታስረው ይኖሩ ለነበሩ የአእምሮ ሕሙማን በቤይሩት አቅራቢያ በአስፉሪዬ ሆስፒታል አቋቋመ፤ ሆስፒታሉ በ1900 ሥራ ጀመረ። ዋልድማየር የሞተው በ1915፣ የአውሮፓ ክርስቲያን መንግሥታት እርስ በርስ በሚተላለቁበት ወቅት ነው።

ማጠቃለያ

የኋለኛውን ሕይወቱን ለጋፋት እንደተከፈለ ንስሐ ብቻ ማንበብ ቀላል ቢሆንም የታሪኩን ክብደት ያሳንሳል። በጋፋት የተፈተነው ትእዛዝ ከመምጣቱ በፊት መልሱን ያላዘጋጀለት ትምህርት ነበር። በሊባኖስ የተቀላቀለው ማኅበር ግን ይህን ጥያቄ በጋራ ሥርዓት አስቀድሞ የዘጋ ነበር። የዋልድማየር ሕይወት የሚያሳየው፣ የቤተ ክርስቲያን አቋም በሌለበት የአንድ ግለሰብ ኅሊና በንጉሥ ፊት ብቻውን ሲቆም፣ አገልጋዮቹም ታስረው ሲጠብቁት፣ አልችልም ከማለት የተሻለ መሸሸጊያ እንደማያገኝ ነው።