ሄንሪ ሞዝሊ
(አጭር የሕይወት ታሪክ)

ጥሩምባ የሚሠራበት ናስ መዳብና ዚንክ አብረው ቀልጠው የሚገኝ ቅልቅል ነው። በተለመደው ቢጫ ናስ ከመቶ እጅ 70 ያህሉ መዳብ፣ 30 ያህሉ ዚንክ ነው፤ ዚንኩ ወደ 15 ሲወርድ መልኩ ወደ ቀይ ያደላል። በአሮጌ ጥሩምባ ውስጥ የሁለቱን መጠን ለማወቅ ግን ቀድሞ ኬሚስቱ ከዕቃው ጥቂት ቈርጦ በአሲድ ማሟሟት ነበረበት። ዕቃው ሳይጐዳ የሚመረመርበትን መንገድ ከጠረጉት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ ነው።

ሞዝሊ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1887 ዓ.ም. በዌይማውዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ የታወቁ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበሩ፤ ነገር ግን ልጃቸው አራት ዓመት ሳይሞላው ሞቱ። ሞዝሊ በኢተንና በኦክስፎርድ ተምሮ በ1910 ማንችስተር ገባና ከታላቁ ሊቅ ከራዘርፎርድ ዘንድ ሥራ ጀመረ። እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያም አልፎ መሥራት ልማዱ ነበር።

በ1913 ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮችን ተራ በተራ በኤሌክትሮን እየመታ ከያንዳንዳቸው የሚወጣውን ኤክስሬይ ፎቶግራፍ አነሣ። እያንዳንዱም የራሱ መሥመር እንዳለው፣ የመሥመሩም ቦታ እንደ ተራ ቍጥሩ ደረጃ በደረጃ እንደሚሄድ አገኘ። ከመሰላሉም ላይ የጐደሉ ደረጃዎችን አይቶ 43ኛው፣ 61ኛውና 75ኛው ንጥረ ነገር ገና እንዳልተገኙ አስታወቀ፤ ሦስቱም ኋላ ተገኙ። እኔን ይልቁን የሚያስደንቀኝ የዚንኩ ነገር ነው። ሞዝሊ ለዚንክ የተጠቀመው በናስ ስለ ነበር፣ በፎቶግራፉ ላይ የመዳቡም የዚንኩም መሥመሮች አብረው ወጡ። እርሱም ይህ ዘዴ ለኬሚስቶች ብርቱ መመርመሪያ ሊሆን እንደሚችል በዚያው ጽሑፉ አመለከተ።

ዛሬ በሙዚየም ያሉ ጥሩምባዎች በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ኤክስሬይ እየበራባቸው ይመረመራሉ፤ የመሥመሮቹ ጕልበት የመዳቡንና የዚንኩን መጠን ይናገራል። ዳሩ ግን ከናሱ ውስጥ ተመልሶ የሚነበበው ከፀጉር ውፍረት ካነሰ ጥልቀት ብቻ ስለሆነ፣ ዝገት ወይም የብር ቅብ ያለበት ስፍራ መርማሪውን ያሳስተዋል።

በ1914 ጦርነት ሲነሣ ሞዝሊ ለሊቃውንት ጉባኤ አውስትራልያ ነበር። በላቦራቶሪ ሊቀር ሲችል ወደ አገሩ ተመልሶ በመሐንዲሶች ጦር ገባ። ነሐሴ 10 ቀን 1915 በጋሊፖሊ በስልክ ትእዛዝ ሲያስተላልፍ ጥይት ራሱን መትቶ ገደለው። ዕድሜው 27 ዓመት ነበር። ራዘርፎርድ እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ጦር ግንባር መላክ ከንቱ ብክነት መሆኑን በይፋ ጻፈ። ሟቹ ግን አስቀድሞ ተናዞ፣ ሀብቱ ለሳይንስ ምርምር እንዲውል ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አውርሶ ነበር።