ዶክተር ኤቫርትስ ግሬሃም፦ ከታካሚያቸው ቀድመው ያረፉት ሐኪም

የሳንባ ካንሰር ቀዶ ጥገና ፈር ቀዳጅ የሆኑት ዶክተር ኤቫርትስ ግሬሃም እ.ኤ.አ. በ1883 ቺካጎ ውስጥ ከሐኪም አባት ተወለዱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በወታደሮች ደረት ውስጥ የሚቋጥር መግል መቼና እንዴት መውጣት እንዳለበት በማጥናት የብዙዎችን ሕይወት ለማትረፍ በቁ። በ1919 ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ጥገና ክፍል ኃላፊ ሆኑ።

ስማቸውን ከፍ ያደረገው ኤፕሪል 5 ቀን 1933 በባርነስ ሆስፒታል የፈጸሙት ተግባር ነው። የ48 ዓመቱ ታካሚ ራሱም ሐኪም ሲሆን ካንሰሩ የግራ ሳንባውን ይዞት ነበር። ግሬሃም ደረቱን ከፍተው ሲመለከቱ ከፊሉን ቆርጦ ማውጣት እንደማይበቃ በመረዳታቸው ሳንባውን በሙሉ በአንድ ጊዜ አወጡት። በዚህ ዓይነት ቀዶ ጥገና ከሳንባ ካንሰር የዳነ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

ተመሳሳይ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው መካከል ግን ብዙዎች ብዙም አልቆዩም። ልዩነቱን በአብዛኛው የሚወስነው ንፍፊት፣ ማለትም ሐኪሞች ሊምፍ ኖድ የሚሉት ዕጢ ነው። በ2015 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ በተደረገ ምርመራ ንፍፊታቸው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ 100 ሕመምተኞች 75ቱ አምስት ዓመት ይኖራሉ። ካንሰሩ ሳንባው ውስጥና ሥሩ ላይ ያለውን ንፍፊት ከነካ ቁጥሩ ወደ 49፣ ወደ ደረት መካከል ከዘለቀ ደግሞ ወደ 36 ይወርዳል።

ግሬሃም ለረጅም ዘመን ሲጋራ አጫሽ ነበሩ። ሲጋራ ካንሰር ያመጣል መባሉንም ይጠራጠሩ ነበር። ከወጣቱ ኧርነስት ዊንደር ጋር በ684 ሕመምተኞች ላይ ያካሄዱት ጥናት በ1950 ሲወጣ ግን እውነቱን ተቀብለው ማጨሳቸውን ተዉ።

ሆኖም ጊዜው አልፎ ነበር። በ1957 መጀመሪያ ካንሰር በሁለቱም ሳንባቸው ተገኘ። የያዛቸው ዓይነት ገና ሳይታወቅ ወደ ንፍፊትና ወደ ደም የሚሰራጭ በመሆኑ ሌሎችን ያዳኑበት ቢላዋ ለእርሳቸው አልሆነም። ማርች 4 ቀን 1957 በ73 ዓመታቸው አረፉ። ታካሚያቸው እስከ 1963 ኖረ።

ውድ አንባቢያን፣ ዘመድዎ ለዚህ ቀዶ ጥገና ከቀረበ ዕጢው ወጣ መባሉ ብቻ አይበቃም። ከየትኛው ቦታ ስንት ንፍፊት እንደተመረመረ ሐኪሙን ይጠይቁ። ያልተመረመረ ንፍፊት ንጹሕ ነው ሊባል አይችልምና።